ስምንት ሲኒ ቡና እና 51,229 ቤቶች

ታናሽ ወንድሜ የሥነ ልቦና ተማሪ ነው፤ ሦስተኛ ዓመት። ቤታችን ውስጥ አንድ ሰው ትንሽ ከከፋው "ለዶክተሩ ይነገር" የሚባለው ለእሱ ነው። (ዶክተር እስኪሆን ገና ብዙ ሻይ መጠጣት አለበት፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።) ታዲያ ሰሞኑን ዶክተራችን ፊቱን አጥቁሮ ወደ ቤት ገባ። የመመረቂያ ጽሑፉን አማካሪው መልሰውበታል።

ርእሱ "የኮንዶሚኒየም ኑሮ በነዋሪዎች ብቸኝነት ላይ ያለው ተጽእኖ፤ የኮዬ ፈጬ ሁኔታ" ይላል። ልጁ አልሰነፈም። ከኛ ብሎክና ከአጠገባችን ካሉት ብሎኮች 40 ሰው መጠይቅ አስሞልቷል፤ አማካይ አውጥቷል፤ ባለቀለም ግራፍ ሠርቷል። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት "ብቸኝነት ይሰማኛል" የሚለው ላይ ምልክት አድርገዋል። አማካሪው ግን ከግራፉ ሥር በቀይ እስክሪብቶ ሦስት ቃል ብቻ ጽፈዋል፦ "ከማን ጋር ሲነጻጸር?"

"ከማን ጋር ይሁን ታዲያ!" አለ ወንድሜ ቦርሳውን ሶፋው ላይ እየወረወረ። "ሰዎቹ እዚህ ይኖራሉ፤ ብቸኛ ነን አሉ፤ አለቀ።"

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት የምለው አጥቼ አይደለም። እኔም አንድ ቀን ልክ እንደሱ "አለቀ" ብዬ ስለማውቅ ነው።

የኔው ጥፋት

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋዜጠኝነት ተመርቄ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት ስለ ሰፈራችን አንድ ጽሑፍ ጻፍኩ። የምንኖረው እናቴ በ1997 ዓ.ም. ተመዝግባ፣ 14 ዓመት ጠብቃ፣ በ2011 ዕጣ የወጣላት ቤት ውስጥ ነው። ጽሑፌ የድሮ ሰፈር ፍቅር ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ሲደርስ ደክሞት ቀረ የሚል ነበር። ሰባት ሰው አነጋገርኩ። ሰባቱም ስለ ድሮ ሰፈራቸው ሲያወሩ እንባ እንባ አላቸው። ጽሑፉ ተወደደ፤ ሰው ተቀባበለው፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ከሰባቱ አንዷ ከኛ በላይ ያሉት ጎረቤታችን እማማ ነበሩ። (ስማቸውን ብጠራ ቡና ይከለክሉኛል።) ያኔም ስማቸውን አልጻፍኩም፤ ግን "ልጆቿ ውጭ አገር የሚኖሩ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ከግድግዳ ጋር የምታወራ እናት" ብዬ ነበር። ጽሑፉ ዞሮ ዞሮ እነዚያው ልጆች እጅ ገባ። ልጆቹ እያለቀሱ ደወሉ። ቤቱ ይከራይ፣ እናታችንም ዘመድ ቤት ትግባ ተባለ። እማማ ከገዛ ቤታቸው ላለመውጣት ሁለት ወር ሙሉ በስልክ ሲከራከሩ ከረሙ።

"ልጄ" አሉኝ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝተውኝ፣ "የዚያን ቀን እኮ ጉልበቴን አሞኝ ነበር። ደግሞስ በሥራ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መጥተሽ ማንን ቤት ልታገኚ ኖሯል? ሠራተኛው ሥራ ሄዷል፤ ተማሪው ትምህርት ቤት ነው። ያገኘሽው እኛን፣ የቀረነውን ነው።"

ስለ ናሙና አመራረጥ ከዚህ በአጭሩ ያስተማረኝ ሰው የለም። በዚያ ላይ ሌላም ጉድለት ነበረኝ። ሰባቱ ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት ምን ያህል ብቸኛ እንደነበሩ አልጠየቅኩም። ድሮ ሰፈራቸው የቀሩት ሰዎች ዛሬ እንዴት እንደሆኑም አላየሁም። ምናልባት እነሱም ብቸኛ ናቸው፤ ምናልባት የሚያለቅሱት ስለ ሰፈሩ ሳይሆን ስለ ዕድሜያቸው ነው። እኔ ግን "ኮንዶሚኒየሙ ነው ያደረገው" ብዬ ፈረድኩ። ወንድሜም መጠይቁን የበተነው በሥራ ቀን በሥራ ሰዓት ነው። የቤተሰብ በሽታ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ ልጁን ላስተምረው ወሰንኩ። ለማስተማር ደግሞ መጀመሪያ ራሴ መማር ነበረብኝ። የተማርኩትን እነሆ ለናንተም።

ክብደት፣ ካርታ፣ ሻይ

ዕጣ ወደ ሳይንስ የገባው በየት በኩል ይመስላችኋል? ብዙ ሰው በሕክምና ይመስለዋል። በሕክምና ግን ስሙ የገነነው ዘግይቶ ነው፤ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት በዕጣ በተመደቡ ሕሙማን ላይ የተፈተሸበት ዝነኛ ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ከዚያ 60 ዓመት ገደማ ቀድሞ ዕጣን የተጠቀመበት የዶክተራችን ሙያ፣ ሥነ ልቦና ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ቻርልስ ፐርስ የተባለ ፈላስፋና ጆሴፍ ጃስትሮው የተባለ ተማሪው አንድ ጥያቄ ይዘው ተቀመጡ። ሰው በጣም በጥቂቱ የሚለያዩ ሁለት ክብደቶችን መለየት ይችላል ወይ? በዘመኑ ከተወሰነ ልክ በታች ያለ ልዩነት ጨርሶ አይሰማም የሚል አስተሳሰብ ነበር። ይህን ለመፈተሽ ሲሞከር ግን አንድ እንቅፋት አለ። ክብደቱን የሚያቀርበው ሰው ሳይታወቀው ልማድ ያበጃል፤ አንዴ ከባዱን ካስቀደመ ቀጥሎ ቀላሉን ያስቀድማል። ተፈታኙ ደግሞ ክብደቱን ትቶ የሰውየውን ልማድ መገመት ይጀምራል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ቅደም ተከተሉን ለሰው አልተዉትም። ለተበወዘ የመጫወቻ ካርታ ሰጡት። ካርታው ያለውን ይከተላሉ፤ ካርታ ልማድ የለውም። ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1885 ታተመ፤ ተፈታኞች "እንዲያው ዝም ብዬ ነው የገመትኩት" ባሉበት ጊዜ እንኳ በአጋጣሚ ከሚጠበቀው በላይ ትክክል ይመልሱ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የእንግሊዝ ነው፤ ስለዚህ ሻይ አለበት። ሮናልድ ፊሸር የተባለው የስታትስቲክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1919 ሮትሃምስቴድ በተባለ የግብርና ምርምር ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ሥራው ማዳበሪያ የተደረገበትና ያልተደረገበት ማሳ ምርት በእርግጥ መለያየቱን ማወቅ ነበር። እንደሚተረከው እዚያው ጣቢያ የምትሠራ ሙሪየል ብሪስቶል የምትባል የአልጌ ተመራማሪ አንድ ቀን ፊሸር የቀዳላትን ሻይ አልጠጣም አለች። ወተቱ ከሻዩ በፊት መግባት ነበረበት፤ ሻዩ ቀድሞ ሲገባ ጣዕሙ ይለያል ስትል ተከራከረች። ሌላ ሰው ቢሆን ስቆ ያልፋል። ፊሸር ግን እንዴት እንደሚፈተን አሰበ። እ.ኤ.አ. በ1935 ባሳተመው የሙከራ ንድፍ መጽሐፉ ውስጥም የሴትዮዋን ስም ሳይጠራ ይህንኑ ሙከራ ማስተማሪያ አደረገው፤ ስምንት ሲኒ፣ አራቱ ወተት የቀደመባቸው፣ አራቱ ሻይ የቀደመባቸው፣ ቅደም ተከተላቸው በዕጣ።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። እማማ ትዝ አሉኝ።

የእማማ ፈተና

እማማ በኤሌክትሪክ ምድጃ የተፈላ ቡና አይጠጡም። "የከሰሉ ይጣፍጣል፤ የኮረንቲው ይጎረብጣል" ነው ክርክራቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይሄ ቀላል ክርክር አይደለም፤ ጎረቤት በጭሱ ይጣላል፣ በረንዳው ይጠቁራል፣ እሳቸው ግን ከሰላቸውን አይለቁም። እንግዲህ ባለፈው እሑድ ቡና ጠጡ ብለው ሲጠሩን ወንድሜን "ና፣ ስታትስቲክስ እንማራለን" ብዬ ይዤው ወጣሁ።

አንድ ዓይነት ቡና፣ እኩል የተቆላ፣ እኩል የተወቀጠ፤ ሁለት እኩያ ጀበና። አንዱ በከሰል፣ አንዱ በኤሌክትሪክ። ስምንት ሲኒ፤ አራቱ የከሰል፣ አራቱ የኮረንቲ። ሲኒዎቹን ከሥራቸው ቁጥር ለጠፍንባቸው። የትኛው ሲኒ ውስጥ የትኛው ቡና እንደሚገባ የወሰነው ድስት ውስጥ የተጣለ የታጠፈ ወረቀት ነው። የቀዳችው እናቴ ናት፤ ወጥ ቤት ሆና። ሲኒዎቹን ያቀረበው ግን የትኛው የቱ እንደሆነ የማያውቀው ወንድሜ ነው፤ ፊቱ ላይ እንዳይነበብበት። እማማ "ይሄ ሁሉ ለአንድ ቡና?" እያሉ ስምንቱን ቀመሱና አራቱን "እነዚህ የከሰል ናቸው" ብለው ለዩ።

አሁን ሂሳቡ። ከስምንት ሲኒ አራቱን መምረጥ የሚቻልባቸው መንገዶች 70 ናቸው። እማማ ምንም ሳይለዩ ዝም ብለው ቢገምቱ አራቱንም የሚያገኙት ከ70 አንዴ ብቻ ነው፤ 1.4 በመቶ ገደማ። እንዲህ ያለ ነገር ከተከሰተ "በአጋጣሚ ነው" ማለት ይከብዳል። ተማሪዎችን ሌሊት ሙሉ የሚያስጨንቀው "ፒ ቫልዩ" የሚባለው ነገር በቃ ይሄው ነው፦ ችሎታው ባይኖር ኖሮ፣ ያየነውን ወይም ከዚያ የባሰውን በዕድል ብቻ የማየት ዕድላችን ስንት ነበር? ይህን ሂሳብ መሥራት የቻልነው ደግሞ ቅደም ተከተሉን ለድስቱ ስለሰጠነው ብቻ ነው። እናቴ በልቧ መርጣው ቢሆን 70 የሚለው ቁጥር ከየትም አይመጣም።

እማማ ስንት አገኙ? ከአራቱ ሦስት። በግምት ብቻ ልክ ሦስት የሚገኝባቸው መንገዶች 16 ናቸው፤ አራቱም የሚገኝበት 1 መንገድ ሲጨመር 17። ከ70 አሥራ ሰባት ማለት 24 በመቶ ገደማ ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚመርጥ ሰውም ከአራት ጊዜ አንዴ ገደማ ይህን ያህል ያገኛል።

"ሦስት አገኘሁ እኮ!" አሉ እማማ።

"አልተረጋገጠም" አለ ወንድሜ እንደ ዳኛ።

"ስለዚህ አልለይም ማለት ነው?"

"አይደለም እማማ። ይለያሉም፣ አይለዩምም ማለት አንችልም። ሲኒው አንሷል።"

እማማ ትንሽ አሰብ አደረጉና "እንግዲህ አላሰራችሁኝም፣ ነጻም አላወጣችሁኝም" አሉ። ብዙ የታተሙ ጥናቶች "ልዩነት አልተገኘም" የሚለውን "ልዩነት የለም" እያሉ ይተረጉሙታል። እማማ ግን ገና ሲነገራቸው ገባቸው።

በምን ገባን ታዲያ?

ሁለተኛው ዙር ቡና ላይ ወንድሜ ተመልሶ ወደ ጉዳዩ ገባ። "እሺ፣ ቡና በዕጣ ይቀርባል። ሰው ግን በዕጣ ኮንዶሚኒየም አይገባም።"

እናቴና እማማ እኩል ሳቁ። "በምን ገባን ታዲያ?"

ልጁ ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ። ለካ ስንፈልገው የነበረው የምርምር ንድፍ ላዩ ላይ ተቀምጠንበት ነበር!

እስቲ ታሪኩን እናስታውስ። ለአዲስ አበባ የኮንዶሚኒየም ቤት በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። በ2005 ደግሞ ዳግም ምዝገባ ተካሄደ። ቤቱ ከተመዝጋቢው በእጅጉ ስላነሰ የሚደርሰው በዕጣ ሆነ። እቁብ የጠጣ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ሁሉም እኩል መብት ካለው ማን እንደሚቀድም ዳኛውም ጸሐፊውም አይወስኑም፣ ዕጣው ይወስናል። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. በወጣው ዕጣ 32,653 የ20/80 እና 18,576 የ40/60 ቤቶች፣ በድምሩ 51,229 ቤቶች ለዕድለኞች ወጡ። የእናቴ ስም የወጣው ያን ቀን ነው። ዕጣው በጅምላም አልነበረም፤ 30 በመቶው ለሴቶች፣ 20 በመቶው ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች ተለይቶ፣ የቀረው ለሁሉም። ወንድሜ ደብተሩ ላይ "በምድብ የተከፈለ ዕጣ" የሚል ርእስ አለው፤ ምሳሌው ግን ስለ ቀይና ሰማያዊ ኳሶች ነው። የእናቱን ቤት ምሳሌ ቢያደርጉለት ኖሮ ፈተናውን አይወድቅም ነበር።

አሁን የአማካሪው ጥያቄ መልስ አገኘ። ከማን ጋር ሲነጻጸር? ተመዝግቦ፣ ቆጥቦ፣ በዚያው ምድብ ስሙ ዕጣ ውስጥ ገብቶ፣ ግን ካልወጣለት ሰው ጋር! ከዕጣው በፊት ሁለቱን የሚለያቸው ነገር የለም። አንዱ ከሌላው የበለጠ ጎበዝ ወይም ሰነፍ፣ ተጫዋች ወይም ዝምተኛ ስለሆነ አይደለም ስሙ የወጣው። በአንድ ሰው ደረጃ ልዩነት ይኖራል፤ ሺህ ሰውና ሺህ ሰው ሲሆን ግን ልዩነቱ ይቻቻላል። ከዓመታት በኋላ ሁለቱ ቡድኖች በብቸኝነት ከተለያዩ፣ ያለያያቸው ዕጣው ያመጣው ነገር ነው ብሎ መናገር ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ቤቱ የደረሰው ሁሉ አይገባበትም። ብዙዎች አከራይተው መሀል ከተማ ይቀራሉ። ስለዚህ "የገቡትን" "ካልገቡት" ጋር ብናነጻጽር ዕጣውን ጥለን የሰውን ምርጫ መልሰን አመጣነው ማለት ነው። ምናልባት የገቡት ድሮም ከጎረቤት የተጣሉ ነበሩ፤ ምናልባት ያልገቡት የሚተዉት ሥራ አላቸው። መፍትሔው ሞኝ ይመስላል፦ የደረሳቸውን ሁሉ፣ የገባውንም ያከራየውንም፣ ካልደረሳቸው ሁሉ ጋር ማነጻጸር። ሳይመን ፍራንክሊን የተባለ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪ የአዲስ አበባን የኮንዶሚኒየም ዕጣዎች እንደዚህ አድርጎ ተጠቅሞባቸዋል። የዕጣ አሸናፊ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ቤት ጥራት መሻሻሉን አገኘ። ሥራቸውና ገቢያቸው ላይ ግን ያን ያህል የሚታይ ለውጥ አላገኘም። ለሁለታችንም ትምህርት ነበር። "ኮንዶሚኒየም ሕይወቱን ለወጠው" የሚሉትም፣ "ከሥራው አርቆ ገደለው" የሚሉትም፣ ሁለቱም በየፊናቸው የሚተርኩት የጎረቤታቸውን ታሪክ ነው።

ዕጣ ግን ንጹሕ መሆን አለበት። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የ25,791 ቤቶች ዕጣ ወጣና በቀናት ውስጥ ተሰረዘ። የሚጠበቅባቸውን ያልቆጠቡ ሰዎች መረጃ ዕጣው ውስጥ ገብቶ ተገኘ ተባለ፤ ዕጣው በኅዳር 2015 በድጋሚ ወጣ። ያኔ ሁላችንም የተናደድነው ስለ ፍትሕ ነበር፤ በትክክልም ነው። ግን አስቡት፤ አንድ ተመራማሪ ያን የተሰረዘ ዕጣ ይዞ "አሸናፊዎቹ ደስተኞች ሆኑ" ብሎ ቢጽፍስ? ሳይገባቸው የገቡት ሰዎች ከሌላው በምን እንደሚለዩ ማን ያውቃል? የተበላሸ ዕጣ ቤቱን ብቻ አይደለም የሚሰርቀው፤ እውነቱንም አብሮ ይሰርቃል።

ፊልም ያዩት የዶባ ገበሬዎች

"ብቸኝነትን ግን በዕጣ ያጠና የለም" አለ ወንድሜ፤ ለመሸነፍ ጊዜ ይፈልጋል። ከቤትና ከገቢ ወጥቶ የሰው ልብ ውስጥ ያለን ነገር በዚህ መንገድ ማጥናት ይቻላል ወይ ነው ጥያቄው። ይቻላል፤ ያውም እዚሁ አገራችን ተሠርቷል። በብቸኝነት ላይ ሳይሆን በተስፋ ላይ።

ምዕራብ ሐረርጌ፣ ዶባ ወረዳ፣ 2003 ዓ.ም.። ታንጊ በርናር፣ ስቴፋን ደርኮን፣ ኬት ኦርኪንና አለማየሁ ስዩም ታፈሰ የተባሉ ተመራማሪዎች ጥያቄ ይዘው ሄዱ። ድሃ ገበሬ ነገን አሻግሮ የማያየው ገንዘብ ስለሌለው ብቻ ነው ወይስ እንደሱ ሆኖ የተለወጠ ሰው ስላላየም ነው? በአካባቢው ቋንቋ አጫጭር ፊልሞች ተሠሩ። ፊልሞቹ ከተመልካቹ ጋር በሚመሳሰል ኑሮ ውስጥ ተነሥተው በእርሻ ወይም በትንንሽ ንግድ የተሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ ይናገራሉ። በ64 መንደሮች፣ ከየመንደሩ 18 ቤተሰብ በዕጣ ተለየ። ስድስቱ ፊልሙን እንዲያዩ ተጋበዙ፤ ስድስቱ ምንም አላዩም። የቀሩት ስድስቱስ? እነሱ የተጋበዙት ተራ የመዝናኛ ፕሮግራም እንዲያዩ ነበር።

ወንድሜን ያስደነቀው ይሄ ሦስተኛው ቡድን ነው። ለምን? ቴሌቪዥን ብርቅ በሆነበት መንደር ተጠርቶ ሄዶ ፊልም ማየት በራሱ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ከጎረቤቱ ጋር ይሳሳቃል፣ መንፈሱ ይታደሳል፣ "እኔንም ቆጠሩኝ" ይላል። ታዲያ ከዚያ በኋላ ተስፋው ቢጨምር የታሪኩ ኃይል ነው ወይስ የመጋበዙ? የመዝናኛው ቡድን ይህንን ይለያል። በመድኃኒት ጥናት የስኳር እንክብል እንደሚሰጠው ማለት ነው።

ተስፋንም እንዲሁ "ተስፋ አለህ?" ብለው አልለኩትም። ወደፊት ምን ያህል ገቢ፣ ምን ያህል ሀብት፣ በሰው ዘንድ ምን ዓይነት ቦታ እንዲኖረው፣ ልጁ እስከ ስንት ክፍል እንዲማርለት እንደሚመኝ ጠየቁ። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ ተመልሰው ሲያዩ፣ ታሪኩን ያዩት ሰዎች ምኞት ከፍ ብሏል። በቁጠባ፣ በብድርና በልጆች ትምህርት ላይም ለውጥ ታየ። ለውጡ ትንሽ ነው፤ ተመራማሪዎቹም ትንሽ ነው ብለው ጻፉት። እኔ ብሆን ምን ብዬ እጽፈው እንደነበር አውቃለሁ፦ "አንድ ፊልም የገበሬውን ሕይወት ቀየረ!" አንዱን ፈልጌ፣ በጣም የተለወጠውን፣ ረፋድ ላይ አራት ሰዓት...

ድስቱ ውስጥ ስማቸው ያልገባ

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ። ዕጣ ይግባ፣ ይነጻጸር፣ እውነቱ ይውጣ ብዬ። ግን ኮዬ ፈጬ ሆኜ ይህን ጽፌ ማቆም አልችልም።

ከብሎኮቹ በፊት እዚህ ማሳ ነበር። የሰፈሩ ስም ራሱ ኦሮምኛ ነው፤ ሰዎቹ ከኛ በፊት እንደነበሩ ስሙ ይመሰክራል። የ2011ዱ ዕጣ በወጣ ማግሥት በኦሮሚያ ብዙ ከተሞች ወጣቶች ተቃውሞ ወጡ፤ ገበሬ የተነሣበት መሬት ላይ ያለ ቤት፣ ወሰኑ ሳይለይ እንዴት በዕጣ ይተላለፋል ብለው። የክልሉ መንግሥትም ተቃወመ። እናቴ 14 ዓመት የጠበቀችውን ቤት ቁልፍ ሳትይዝ፣ ደስ ይበላት ወይስ ትፍራ ግራ ገብቷት የከረመችበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉት እነ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ሲጠቃለሉ፣ ኮዬ ፈጬም ከሸገር ክፍለ ከተሞች የአንዱ ስም ሆነ።

የዕጣ ጥናት ምንኛ ንጹሕ ቢሆን መልስ የሚሰጠው ስማቸው ድስቱ ውስጥ ለገባ ሰዎች ነው። አሸናፊና ተሸናፊ ተመዝጋቢን ያነጻጽራል። እዚህ ያርስ የነበረው ሰውዬ ግን አሸናፊም ተሸናፊም አይደለም። አልተመዘገበም፤ ስሙ አልተጻፈም። የኮንዶሚኒየምን ጥቅምና ጉዳት በትክክለኛ ንድፍ፣ በትክክለኛ ፒ ቫልዩ፣ እስከ ሦስት ዲጂት ድረስ አስልተን፣ እሱን ጨርሶ ላናየው እንችላለን። "ከማን ጋር ሲነጻጸር?" ከሚለው ጥያቄ አጠገብ ሌላም ሦስት ቃል መጻፍ አለበት፦ "ያልተጠየቀው ማን ነው?" እኔ ሰባት ሰው ስጠይቅ ያልጠየቅኳቸው ሥራ የሄዱትን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ይህን ስንነጋገር እማማ ረከቦቱን እየጠረጉ ያዳምጡ ነበር። "የፊት የፊቱን ወተት ትሸጥልኝ የነበረች ልጅ ነበረች፤ መሬቱ የአባቷ ነበር" አሉ። ስሟን ያውቁታል። የአሁን አድራሻዋን ግን አያውቁም። ከኛ መሀል እሷን ያወቋት "ከግድግዳ ጋር የምታወራ" ብዬ የጻፍኩባቸው ሴትዮ ብቻ ናቸው።

ወንድሜ ርእሱን ቀየረ። "ተጽእኖ" የምትለዋን ቃል ሰረዛት። አንዲት ቃል ናት፤ ግን ጥናቱን ሙሉ የምትሸከመው እሷ ነበረች። አሁን የሚጽፈው አርባ ሰዎች ምን እንዳሉት፣ መቼና የት እንዳገኛቸው፣ ማንን እንዳላገኘ ነው። ምሽትና እሑድ ቀን ደግሞ እየዞረ ያልነበሩትን ይጠይቃል። በ1997 ተመዝግበው ዕጣ ያልወጣላቸውን ሰዎችም በዘመድ በዘመድ እየፈለገ ነው፤ ጥቂት እንደሚሆኑና በዕጣ እንዳልመረጣቸው ራሱ ጽፎታል። አማካሪው ይቀበሉት አይቀበሉት አናውቅም። እኔ በበኩሌ ይህን ጽሑፍ ለእማማ ልጆች ልኬላቸዋለሁ። እናታችሁ ብቸኛ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚለውን እኔ በአንድ ረፋድ ልፈርድ አይገባኝም ነበር፤ ይቅርታ።

እማማ ግን ፍርዳቸውን እየጠበቁ ነው። ወንድሜ ቁጭ ብሎ አስልቶ ነገራቸው፦ ሲኒው ከስምንት ወደ 12 ከፍ ቢል፣ ስድስት በስድስት፣ መንገዶቹ 924 ይሆናሉ። ያኔ ከስድስቱ አምስቱን እንኳ ቢያገኙ፣ በዕድል ብቻ ያን ያህልና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድላቸው 4 በመቶ ገደማ ነው። አንዱን ቢስቱም እንኳ ክርክራቸው ይቆማል ማለት ነው።

"አሥራ ሁለት ሲኒ?" አሉ። "ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም እኮ። ግድ የለም፤ እሑድ ኑ። ከሰሉን እኔ እገዛለሁ።"